ከአዋሽ ወዲያ ያለው ሐዲድ

ለተወደድሽው እህቴ ለወይዘሮ ብርቄ፣ ድሬዳዋ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ራስሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ድሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ይቆረጥምሽ የነበረው ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወይስ የቆላው ሙቀት ፈወሰው? ባለቤትሽ አቶ ገብረ መድህን እንዴት ነው? ልጅሽ አሰፋች እንዴት ናት? ወልደአማኑኤልስ፣ ይዘሽው ስትሄጂ ይድኽ የነበረው ልጅ፣ አሁን ጢም አውጥቷል አሉ፤ እንዴት ነው? እኔ እዚህ በጭላሎ ሥር፣ በጉሙና በብርዱ መካከል፣ ለመቆሙ ያህል ደኅና ነኝ። ሰላምታዬ ከጉሙ ይብዛ፤ ግን እንደ ጉሙ ረፋዱ ላይ የሚበን አይሁን። ቤትሽ ገብቶ ይቀመጥ።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ የኔ የራሴ ነው። አዎ፣ የእህትሽ የአፀደ እጅ ነው። ፊደሎቹ አንዱ ረዝሞ አንዱ ቢያጥር ይቅር በዪኝ፤ ጣቴ ብዕር የጨበጠው ከደረቀ በኋላ ነው። አንቺ ፊደል እንዳልቆጠርሽ አውቃለሁ፤ እንግዲህ ይህን የሚያነብልሽ ገብረ መድህን ወይም አሰፋች ነው። ማንም ይሁን ማን አንድ አደራ አለብኝ። እንዳለ ይነበብ። የሚያሳዝን ቢመጣ አይለሳለስ፣ የሚያሳፍር ቢመጣ አይዘለል። ለምን እንዲህ እንደምል ወደታች ስትደርሺ ይገባሻል።

ከመስቀል ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፤ ደጅ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፤ የናዝሬት አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲነፋ ልቤ አብሮት ብድግ ይላል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ «እትዬ አፀደ ምን ጠፍቶባቸው ነው ግቢውን የሚዞሩት?» ይላሉ አሉ። የጠፋብኝን ለእነሱ ምን ብዬ ልንገር? ለአንቺ ግን ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። አሰላ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ባቡር ገባላት ብለሽ እንዳትስቂ። ገብቶላታል፤ ያውም እኔ ቤት ውስጥ።

ባሌ ግዛቸው ከፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አታውቂም። ዕድሜውን ሙሉ «ተከሳሽ ቀርቦ፣ ምስክር ተሰምቶ» እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው ብዕሩን ሲቀማ ምን ይሠራል? መጀመሪያ እኔን መዳኘት ጀመረ። ወጡ ለምን ጨው በዛበት፣ በሩ ለምን ሳይዘጋ ቀረ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ከዚህ የገላገለኝ አንድ ፈረንጅ ነው፤ ያን ጊዜ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። እዚህ ከስዊድን አገር የመጡ የእርሻ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል ኒልስ የሚባል መካኒክ ነበር። በሥራ ሰዓት ትራክተር ይጠግናል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ትንንሽ ባቡር ሲሠራ ያመሻል። በአገራቸው ሐኪሙም ቄሱም ሽማግሌውም በትርፍ ጊዜው እንዲህ ይውላል አሉ፤ ተራራውን፣ ዋሻውን፣ ጣቢያውን፣ በጣቢያው ላይ ሻንጣ ይዞ የቆመውን ሰው ሳይቀር እያሳነሱ መሥራት። የኒልስ ጎረቤት የሆነው መምህር አስናቀ ግዛቸውን ወስዶ አሳየው። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ነበር። እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ የእንግዳ ቤቱን ወለል በክንዱ ይለካ ጀመር። አንቺ የመጣሽ ቀን ታርፊበታለሽ ብዬ ያኖርኩት ክፍል እሱ ነው። አልጋው ወጥቶ ገረወይና ሥር ከተቆለለ ይኸው ስንት ጊዜው!

ኒልስ ወደ አገሩ ሲመለስ ባቡሯን ከፉርጎዎቿና የመብራቱን ኃይል ከምታሳንሰው ሣጥን ጋር ትቶላቸው ሄደ። ባቡሯ ከመዳፌ አትበልጥም። ስትሄድ ግን ታንሾካሹካለች፤ እውነት ለመናገር ታምራለች። ችግሩ፣ የተረፋቸው ሐዲድ አንድ ጥግ እንኳ አልሞላም። ግዛቸው ደግሞ ከናዝሬት እስከ ድሬዳዋ ካልሠራሁ ብሎ ማለ።

መከራዬ እዚህ ላይ ጀመረ። አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ስነሣ ጃንጥላዬን ብፈልግ የለችም። እንግዳ ቤቱ ብገባ ጨርቋ ተገፍፎ እንደ ታረደች ዶሮ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አጥንቶቿን አንድ በአንድ ነቅለው፣ አቃንተው፣ በቀርከሃ ስንጥር ላይ አሥረው ሐዲድ አድርገዋታል! ለካ የጃንጥላ ብረት ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። አሰላ ደግሞ ዝናብና ነፋስ የማይለያት አገር ስለሆነች የተሰበረ ጃንጥላ ሞልቷታል። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ ስብራቱን ወደ እኔ ቤት ይልክ ጀመር። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «እትዬ አፀደ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሣል?» እያሉ ይስቁብኛል። አንዷማ «የኔ ጃንጥላ መተሐራ ደርሷል ወይስ ገና ወለንጪቲ ነው?» አለችኝ። የኔዋ መተሐራ አጠገብ እንደተነጠፈች አውቃለሁ። ግዛቸው ግን ሌላ አልገዛልኝም። ቃል ይገባል እንጂ መቼ ይገዛል።

አሠራራቸውን ብታዪ ግን አትንቂውም። ሰጋቱራውን አረንጓዴ ቀለም ነክረው ሣር ያደርጉታል፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጠው ጣራ ያለብሳሉ፤ ከጥድ ጭራሮ ግራር ይሠራሉ። የወለንጪቲ የውሃ ጋን እግሩ ሦስት ነው አራት ነው ተባብለው ግዛቸውና አስናቀ ተኳርፈው ሰንብተዋል። ግዛቸው ደግሞ የፍርድ ቤት ልማዱ አልለቀቀውም። ሕግ አወጣ፤ ያልታየ አይሠራም። ቤትም ይሁን ዛፍ ጠረጴዛው ላይ ከመቆሙ በፊት በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች ቀርበው፣ እጃቸውን አንሥተው፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት አይቻለሁ» ብለው መማል አለባቸው። ምስክር ያልተገኘለት ቦታ ባዶውን ይቀመጣል። ሾፌሩም ነጋዴውም ከናዝሬት የመጣው ዘመድም ሁሉ እኔ ቤት እየተጠራ ሲምል ከረመ።

ከአዋሽ ወዲያ ላለው ግን ምስክር አልተገኘም። አስናቀ እስከ አዋሽ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ግዛቸው «እኔ ድሬዳዋ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ለዚያ እኔ እበቃለሁ» አለ። ለሌላው ሁለት ምስክር የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ሲሆን አንድ ብቻውን በቃው። መቼ ሄደ ትዪኝ እንደሆነ፣ ስሚኝ።

ብርቄ፣ እናታችን አንቺ ቤት ታማ «አፀደን አሳዩኝ» ብላለች የሚለው መልእክት የደረሰኝ በተስቦ ወድቄ ነው። ቆሜ መሄድ ይቅርና ፀጉሬ ትራሱ ላይ እየቀረ ነበር። ግዛቸውን ላክሁት። «አልጋ ይዛለች በላት፤ ጨክና አይደለም በላት» ብዬ እጁን ይዤ አለቀስኩ። ነሐሴ ነበር። ሄደ። ሲመለስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ደርሼ እጇን ይዣለሁ አለኝ። እናታችንም «እግሯን ባትልክ ልቧን ልካልኛለች፤ የተሸከማት ማኅፀኔ ይባርካት» ብላ መርቃሻለች አለኝ።

እኔ በዚያ ቃል ነው የኖርኩት። ልጅ አልወለድኩም፤ ታውቂያለሽ። ሰው በዚህ ሲሰድበኝ በልቤ «የተሸከማት ማኅፀኔ ይባርካት» እላለሁ፤ ንዴቴ ይበርድልኛል። ስጸልይ ከአባታችን ሆይ ቀጥዬ እሱን እላለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

እናታችን ከሞተች ወዲህ ደብዳቤሽ እየሳሳ መጣ። የሚያነብልኝ ግዛቸው፣ የሚጽፍልኝም ግዛቸው። «ደኅና ነኝ ትልሻለች፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ ትልሻለች» ይለኝና ወረቀቱን ያጥፈዋል። በኋላ ጭራሽ ቀረ። እኔም ድሬዳዋ ገብታ ጠገበች፣ ረሳችኝ ብዬ ለሰው አወራሁብሽ። ልሂድና ልያት ባልኩ ቁጥር ግዛቸው ምክንያት አያጣም። አንዴ ሙቀቱ ልብሽን ይገድልሻል፣ አንዴ መንገዱ ሽፍታ አለበት፣ አንዴ እሷ ካልጠራችሽ ምን ያጣድፍሻል። እኔም ኩራት አለብኝ፤ ካልጠራችኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ እልህ ነው። መምህር አስናቀ ከሥራ በኋላ ጎልማሶችን ያስተምራል፤ ከልጅ እናቶች ጋር ወንበር ተካፍዬ ተቀመጥኩ። ግዛቸው «በዚህ ዕድሜሽ የሰማይ ቤቱን መዝገብ ልታነቢ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ማንበብ ስችል ግን ከአንቺ የሚነበብ አልመጣም። የድሮዎቹም ጣራው ባፈሰሰበት ክረምት በስብሰው ተጥለዋል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የባቡሩን ጣቢያዎች ስም የምጽፈው እኔ ሆንኩ። አስናቀ ጽሕፈቴ ጥቃቅንና ዝግ ያለ ነው፣ ለትንሽ ሰሌዳ የሚሆን ነው ብሎ ለመነኝ። እምቢ ልል ነበር። «ድሬዳዋ» ብለሽ ጻፊ ሲለኝ ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ ሄዶ ብሩሹን አነሣ። አዋሽ ላይ ደግሞ የምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ የሚሳብ ሐረግ አለ። ግዛቸው ቅጠሉ እንዴት እንደሚተኛ፣ የቱ ምሰሶ ላይ እንደሚጠመጠም፣ የቱ ጋ ጠውልጎ ቢጫ እንደሆነ ሳይቀር ይነግረኛል፤ እኔ በአረንጓዴ ክር እሠራለሁ። እውነትም ሕያው መሰለ። ለድሬዳዋም ሐረግ ሥሪ አለኝ። ያንኑ ዓይነት ሠራሁ። ያንኑ ዓይነት መሆኑ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ቤቶቹም አንድ ዓይነት ስለመሆናቸው አስናቀ ጠይቆት ነበር፤ «በረሃ ላይ ሁሉም አንድ ነው» አለው።

ይህን ጽፌ ተነሣሁ። ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ። ፈረሶቹ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ሁሉም የሚሄድበት አለው። አሁን የሚከብደው መጣ።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ከሰዓት ከዲሮ መጣ። ከዲሮ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጨርቅ ለማምጣት ድሬዳዋ ይመላለሳል። አንድ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ገባና «ለሐዲዱ መዋጮዬ ነው» ብሎ ሳቀ። አስናቀ ባቡሯን አስነሣለት። ከናዝሬት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ተከተላት። ወለንጪቲ ላይ «ማሻ አላህ!» አለ። መተሐራ ላይ «ይቺን የሠራ እጅ አይቆረጥ» አለ። አዋሽ ስትደርስ በረንዳውን አይቶ «እዚህች ምሰሶ ሥር ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ሐረጉ ራሱ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ግዛቸው ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ አለው። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ።

ባቡሯ ከአዋሽ ወጣች። ከዲሮ አየና «ጋሼ ግዛቸው፣ ድልድዩ የታለ?» አለ። ግዛቸው በጣቱ አሳየው፤ ጅረት ላይ የተጋደመች የእንጨት ድልድይ ናት። ከዲሮ ሳቁ አመለጠው። «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአሰላ ቦይ ነው! አዋሽን ሲሻገሩ ታቹ ገደል ነው። ባቡሩ ብረቱ ላይ ሲወጣ ፉርጎው በሙሉ ጸጥ ይላል፤ እኛ ቢስሚላሂ እንላለን፣ እናንተ በስመ አብ ትላላችሁ። ያን አይቶ የሚረሳ ሰው የለም» አለ። ግዛቸው ጉሮሮውን ጠረገና «በኔ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ በኋላ ነው የቀየሩት» አለ። ከዲሮም «ድልድዩንስ ይቀይሩት፤ ገደሉንም ቆፍረው ነው ያመጡት?» አለው።

አስናቀ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዲሮ ክፋት የለበትም፤ ባቡሯን እየተከተለ ሄደ። ሚኤሶን አይቶ አለፈ። አፍደምን አይቶ አለፈ። መጨረሻ ላይ ስትቆም ጎንበስ ብሎ አስተዋለና «አዋሽን ደግሞ ለምን ሁለት ጊዜ ሠራችሁት?» አለ። ሰሌዳውን አላየውም። እዚያ ላይ በእኔ እጅ «ድሬዳዋ» ተብሎ ተጽፏል። በረንዳው ያው ነው፣ ምሰሶው ያው ነው፣ ቢጫዋ ቅጠል ሳትቀር ያችው ናት። እኔው በጄ ሁለት ጊዜ ሠርቻታለሁ።

ያን ጊዜ ግዛቸውን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ የሐሰት ምስክር ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱ ምን እንደሚመስል ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ዓይኑን ወደ እኔ አላነሣም። ባቡሯን ወደኋላ ሊመልሳት ሲል ከእጁ አምልጣ ወደቀች።

እንግዶቹ ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «የእናቴን እጅ ይዘሃል ወይስ አልያዝህም?» ፉርጎዎቹን መጥረግ ጀመረ። በማግስቱ ገብስ ስለቅም መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠና ነገረኝ። ዝናቡ ከአዋሽ ወዲያ ሐዲዱን ጠርጎት ነበር። ባቡሩ ቆመ። ዛሬ ይጠገናል፣ ነገ ይጠገናል እየተባለ በዚያ በረንዳ ላይ ሲጠብቅ ፈቃዱ አለቀ። የዚያን ጊዜው ዳኛ አንድ ቀን ያሳለፈን ጸሐፊ የሚያባርር ሰው ነበር። ተመለሰ። የአዋሽን ሐረግ ቅጠል በቅጠል የሚያውቀው ለዚህ ነው፤ ሲያየው የዋለ እሱን ነዋ። «ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት። «ገና በሩን ሳልፍ ከአልጋሽ ቀና ብለሽ ምን አለች አልሽኝ። ፀጉር የለሽ፣ ሥጋ የለሽ። ባዶ አፌን ብቆም የምትሞቺ መሰለኝ» አለኝ። «ቃሉንስ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ» አለ። የሰው ቃል ማሳመር ሥራው አይደል?

ቀጥዬ ከቀብሩ በኋላ ስለላክሽው ደብዳቤ ጠየቅሁት። ወደ መሬት እያየ ነገረኝ። «ሰው እንኳ ልትልኪ አልቻልሽም? በር በሩን ስታይ ነው የሞተችው» ብለሽ ነበር። ለእኔ ያነበበልኝ «በወግ ተቀብራለች፣ አትዘኚ» የሚል ነው። መልሱንም እሱ ነው የጻፈልሽ፤ ምን ብሎ እንደጻፈ አሁን ለማስታወስ ያፍራል። አንቺ ስትቆጪ የኖርሽው በእኔ ነው፤ እኔ ስቀየም የኖርኩት በአንቺ ነው፤ በመካከላችን የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። እህቴ፣ ሰው ልኬ ነበር። የላክሁት ሰው አልደረሰም። ይህን በአፌ ሳልነግርሽ መሞት አልፈልግም፤ እስከዚያው ግን በጄ ጻፍሁልሽ።

ምን ላድርገው? እውነቱን ያን ቀን ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት ይህን የሚጽፍ እጅ ዛሬ አይኖረኝም ነበር። አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አይቀንስልኝም፤ ይባስ ብሎ መቀመጫ ያሳጣኛል። ታምሜ ሳለ ቢዋሽ ይሁን። ፀጉሬ ሲበቅልስ ለምን አልነገረኝም? አሁን ስጸልይ አባታችን ሆይ ላይ ስደርስ አፌ ይቆማል። ቀጥሎ የምለው የማን እንደሆነ አላውቀውም። የባሌን ቃል ይዤ የእናቴ ነው እያልኩ ልሙት?

ስለዚህ ብርቄ፣ እናታችን በመጨረሻዋ ቀን ያለችውን እፈልጋለሁ። ከመረቀችኝ ምርቃቷን ስጪኝ። ከረገመችኝም እርግማኗን ስጪኝ፤ የእሷ ነውና እወስደዋለሁ። ምንም ሳትል በሩን ብቻ እያየች ከሄደችም ያንኑ ንገሪኝ። ግን በወረቀት አትላኪልኝ። ማንበብ ባያቅተኝ እንኳ ይህን ከአፍሽ ነው የምፈልገው። ጥቅምት ሳይወጣ እመጣለሁ። አልጠራሽኝም፤ ሳልጠራ እመጣለሁ።

ትናንት ሦስቱም እንግዳ ቤቱ ተሰብስበው ሳለ ዘንቢሌን ይዤ ገባሁ። ከአዋሽ ወዲያ ያሉትን ጣቢያዎች ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አነሣኋቸው፤ አሰቦትን፣ ሚኤሶን፣ አፍደምን፣ ኤረርን፣ በመጨረሻም የእኔን ድሬዳዋ ከነሐረጓ። አስናቀ «ኧረ እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? የስንት ወር ድካም ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሕጋችሁን እያስከበርኩ ነው። ያልታየ አይሠራም አላላችሁም?» አልኩት። ከዲሮ፣ ነገሩን ሁሉ እሱ የቀሰቀሰው መስሎት ሲጨነቅ የሰነበተ ሰው፣ «እኔ አይቻለሁ፤ እኔ እመሰክራለሁ፣ እትዬ» አለ። «አንተ አንድ ነህ፤ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። እስክትመለስ ጠብቋት» አልኩት። ማን ናት ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን ሐዲዱ አዋሽ ላይ ያልቃል። ባቡሯም እዚያው በረንዳው ፊት ቆማለች። የገደሉን ጥልቀት፣ የጣቢያሽን ፎቅ፣ የዛፉን ጥላ፣ የሰዎቹን አለባበስ ሁሉ አይቼ ስመለስ በእኔ ቃል ይሠሩታል። እጄን አንሥቼ እምላለሁ።

ግዛቸው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲወጡ ጠብቆ «አብሬሽ ልምጣ? ብርቄን በአፌ ይቅርታ ልጠይቃት» አለኝ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እምቢታ ነበር። አየሁት፤ አርጅቷል። እጁ ላይ ኮላው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተላጦ ነበር። «እስከ አዋሽ ሸኘኝ» አልኩት። «እስከዚያ መንገዱን ታውቀዋለህ። ከዚያ ወዲያ እኔ አይቼ እነግርሃለሁ።» ዛሬ ጠዋት ብድግ ብሎ የአውቶቡሱን መነሻ ሊጠይቅ ወጣ። ይህንንም «ላንብብልሽና ልዝጋው» ብሎኝ ነበር። እኔው አንብቤ እኔው እዘጋዋለሁ።

ለአቶ ገብረ መድህን ሰላምታዬን ስጪልኝ፤ ጣቢያው አጠገብ አይደል የሚሠራው፣ ከናዝሬት የሚመጣውን ባቡር አደራ አይቶ ያሳልፍልኝ። ለአሰፋች፣ አንባቢዋ እሷ ከሆነች፣ ሳትዘል ስላነበበች ዓይኗ ይብራ። ለወልደአማኑኤል ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጢሙ ቢወጋሽም ሳሚልኝ። እናታችን የተኛችበትን ቦታ ለምታውቅ ጎረቤትሽ ሁሉ፣ ውሃ ላቀበላት፣ ላገላበጣት፣ በእኔ ፈንታ ለቆመ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ከጣቢያው እንዳታጡኝ ምልክቴን ልንገርሽ። በዚያ ሁሉ የድሬዳዋ ፀሐይ ጃንጥላ ሳትይዝ የወረደች አሮጊት ብታዩ እኔ ነኝ።

እህትሽ አፀደ

አሰላ
ጥቅምት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.